ከገዳም መደብ እስከ መስኮት ዳር፤ የድመት ቅጠል ታሪክ

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ለቤት እንስሳት የሚያስፈልገውን ሁሉ ወደሚሸጡ መደብሮች የገባ ሰው፥ ደርቆና ደቅቆ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ፥ ወይም ከጨርቅ በተሰፋ አይጥ ሆድ ውስጥ የተጠቀጠቀ አንድ ግራጫ መሳይ ቅጠል ማየቱ አይቀርም። እንግሊዞች ካትኒፕ ይሉታል፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ደግሞ ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ከመዘገበው ጀምሮ ኔፔታ ካታሪያ በሚል ስም ያውቁታል። ድመት ይህን ቅጠል ያሸተተች እንደ ሆነ ፊቷን ታሽበታለች፥ ለሐጭዋን ታዝረከርካለች፥ በጀርባዋ ተንጋልላ ትንከባለላለች፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላም ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ መንገዷን ትሄዳለች። ይህን ትርኢት ያየ ሁሉ ቅጠሉ ለድመት ደስታ ብቻ የተፈጠረ ቢመስለው አይፈረድበትም። የቀደሙት መጻሕፍት ግን ሌላ ነገር ይመሰክራሉ፤ ኔፔታ ከሺህ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን በሰው እጅ የተዘራችው፥ የተኰተኰተችውና የታጨደችው ለሰው ሕመም ፈውስ ትሆን ዘንድ ነበር፤ ድመትም ወደ ታሪኳ የገባችው በሌብነት እንጂ በባለቤትነት አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተክሏ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ብትሆንም ዘመዶቿ እንግዶች አይደሉም። ናና፥ በሶብላ፥ ጦስኝና ዳማከሴ ከእርሷ ጋር ከአንድ ነገድ ናቸው፤ የነገዱንም ምልክት ማወቅ የሚወድ ሰው ከጓሮው አንድ የበሶብላ ቀንበጥ ቀጥፎ ግንዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቢያንከባልለው፥ ግንዱ ድቡልቡል ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ነውና እየተደናቀፈ ሲዞር ይሰማዋል። የኔፔታም ግንድ እንዲሁ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ቅጠሏ የልብ ቅርጽ ያለው፥ ዳር ዳሩ እንደ ሳማ ቅጠል የተከረከመ፥ ከላይም ከታችም ስስ ነጭ ጠጕር የለበሰ ነው፤ አበባዋ ነጭ ሆኖ በሐምራዊ ነጠብጣብ የተረጨ ሲሆን፥ በበጋ ወራት ንብ አይለየውም። የትውልድ አገሯ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ አንሥቶ እስከ መካከለኛው እስያ ይዘልቃል።

በመጽሐፍ ልናገኛት በምንችልበት ዘመን መኖሪያዋ ገዳም ነው። በምድረ ግብጽ አባ ጳኩሚስ የሠራው ሥርዓተ ማኅበር በአንድ ወገን ወደ ግእዝ ተተርጕሞ ለኢትዮጵያ መነኮሳት መመሪያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በሌላ ወገን ቅዱስ ጀሮም በ404 ወደ ላቲን መልሶት ወደ ምዕራብ ተሻግሯል። ከምሥራቅ አበው ትምህርት የቀዳው የኑርሲያው ቤኔዲክቶስም በ6ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ለማኅበሩ ሥርዓት በጻፈ ጊዜ፥ መነኮስ ያለ ምክንያት ከቅጥር ወጥቶ በዓለም እንዳይዘዋወር ውኃው፥ ወፍጮውና የአትክልቱ ቦታ በገዳሙ ውስጥ እንዲገኙ አዘዘ፤ በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ድውያንን መጠበቅ ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ የሚቀድም ግዴታ መሆኑን ደነገገ። ታማሚውን ማስታመም ግድ ከሆነ፥ መድኃኒት ፍለጋ ከቅጥር መውጣትም ካልተፈቀደ፥ መድኃኒቱን በደጃፍ ከመዝራት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም። የምዕራብ ገዳማት የመድኃኒት አትክልት የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአበባ ፍቅር ኋላ የመጣ ነገር ነው።

ከገዳሙ ቀጥሎ ቤተ መንግሥት ኔፔታን በስሟ ጠራት። በ800 ገደማ በታላቁ ካርል ዘመን ስለ ንጉሣዊ ርስቶች አስተዳደር በወጣው ካፒቱላሬ ደ ቪሊስ በተባለው ትእዛዝ የመጨረሻው ምዕራፍ፥ በ70ኛው ማለት ነው፥ በርስቶቹ ሁሉ ሊተከሉ የሚገባቸው 73 ዓይነት ቅጠላ ቅጠልና አዝርዕት፥ ከእነርሱም ጋር 16 ዓይነት ዛፎች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ኔፔታም ከናና ወገኖች አጠገብ ተጽፋለች። ከአልፕ ተራሮች ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሕዝቦች የገዛ፥ በሮም የቄሣርነት ዘውድ የተቀዳጀ ንጉሥ፥ የርስቱ ሹማምንት ሽንኩርትና ድንብላል መትከል እንዳይዘነጉ በጽሕፈት ማሳሰቡ ለሚያስተውል ሰው የሚደነቅ ነው፤ የመንግሥቱ ብርታት በሠራዊቱ ብቻ ሳይሆን በጓዳው ጭምር እንደ ነበረ ያስረዳልና። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የእኛ ጤና አዳም የቅርብ ዘመድ የሆነችው ሩታም አለች፤ ስለዚህ ዛሬ በአንድ የጐጃም ወይም የሸዋ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ጤና አዳሙን፥ ናናውንና እንስላሉን የሚመለከት ሰው፥ ከካርል አትክልተኞች መደብ እጅግ የራቀ ነገር አያይም።

ይሁን እንጂ ትእዛዝ ዝርዝር እንጂ ሕይወት የለውም፤ ሕይወቱን የምናገኘው በጀርመን ደቡብ፥ በቦደን ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በራይኸናው ደሴት ነው። ቅዱስ ፒርሚን በ724 በመሠረተው በዚያ ገዳም ከሕፃንነቱ ያደገው ዋላፍሪድ፥ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደና በዐይኑ መንሸዋረር ምክንያት ስትራቦ የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው ሲሆን፥ በትምህርቱ ልቆ ለታላቁ ካርል የልጅ ልጅ ለራሰ በራው ካርል መምህር እስከ መሆን ደርሷል። በ838 የራይኸናው አበ ምኔት ሆኖ ተሾመ፤ በነገሥታቱ ልጆች ጠብ ምክንያት ተሰዶ ተመለሰ፤ በ849ም ለመልእክት ሲሄድ በፈረንሳይ አገር የሎዋርን ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ዐረፈ። ከብዙ ድርሳናቱ ይልቅ ስሙን ያስጠራለት ግን ስለ አትክልት ቦታው በላቲን የደረሰው 444 ስንኝ ያለው ቅኔ ነው። ሆርቱሉስ ይባላል፤ ለቅዱስ ጋለን ገዳም አበ ምኔት ለግሪማልድ የተበረከተ ነው።

ይህ ቅኔ ከመጻሕፍት ብቻ ተቀድቶ የተጻፈ አይደለም። ዋላፍሪድ የቀደሙትን ደራስያን አንብቧል፥ ቨርጂልን በቃሉ የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያወራው በእጁ ስለ ዳሰሰው አፈር ነው። በደጁ ፊት፥ ወደ ምሥራቅ በሚመለከተው ትንሽ ግቢ፥ ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ምድሩን የወረረው ሳማ ነበር፤ ሥሩ ከመሬት በታች እንደ ተጠለፈ ገመድ ተያይዟል። አበ ምኔቱ ዶማውን አንሥቶ ሥሩን ይነቅላል፥ በፍልፈል መሰል አውሬ የተቦረቦረውን አፈር ያስተካክላል፥ መደቡንም አፈሩ እንዳይፈስስ በእንጨት ይከትረዋል፤ ፍግ በቅርጫት ተሸክሞ ማምጣትን እንደ ውርደት እንዳይቈጥሩት፥ የእጅ መሻከርንም እንዳይፈሩ አንባብያኑን ይመክራል። ዝናብ በዘገየ ጊዜ ውኃውን በእንስራ ያስመጣና፥ በኀይል ፈስሶ ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስደው በእፍኙ እየቀዳ ጠብታ በጠብታ ያርከፈክፋል። ከመደቡ አንዱ ወገን የጣሪያው ክፈፍ ዝናብ ስለሚከለክለው ደረቅ መሆኑን፥ ሌላው ወገን ደግሞ ከፍ ያለው የጡብ ግንብ ፀሓይ ስለሚጋርድበት ጥላ መሆኑን ሳይቀር ይነግረናል። አንድ ሰው ከመጽሐፉ ተነሥቶ የግቢውን ካርታ ሊሥል ይችላል።

ከዚህ በኋላ መደቦቹን አንድ በአንድ እየዞረ፥ ሳልቪያን፥ ሩታን፥ እንስላልን፥ አሪቲ መሰሉን መራራ ቅጠል፥ ናናን፥ በመጨረሻም ጽጌረዳን ያመሰግናል፤ ኔፔታም በመካከል ተራዋን ታገኛለች። ቅጠሏ ሳማን እንደሚመስል፥ መዓዛዋ ግን እጅግ የጣፈጠ እንደ ሆነ ከተናገረ በኋላ፥ ጭማቂዋ ከጽጌረዳ ዘይት ጋር ቢዋሐድ የቍስል ጠባሳን የሚያጠፋ፥ የቈዳን የቀድሞ መልክ የሚመልስ፥ በቍስሉ መግል የረገፈውንም ጠጕር እንደገና የሚያበቅል ቅባት እንደሚሆን ያስተምራል። ጠባሳን ስለ ማጥፋቱ ዋስ መሆን አይቻልም፤ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው፤ ሳማን ከሥሩ የሚነቅል፥ የጥላውን ድንበር የሚለካ ይህ ንቁ ታዛቢ፥ ስለ ድመት አንዲት ቃል እንኳ አይናገርም። ለእርሱ ኔፔታ የድውያን ቤት ቅጠል ነበረች። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን በገዳማት ተሰውሮ ቈይቶ በ1510 በቪየና ከተማ በማተሚያ ወጣ።

ማተሚያ ከተስፋፋ በኋላ ስለ ዕፀዋት የሚናገሩ ወፋፍራም መጻሕፍት በየአገሩ ቋንቋ መውጣት ሲጀምሩ፥ ድመትም አብራ ብቅ አለች። በ1597 በሎንዶን ታላቁን የዕፀዋት መጽሐፍ ያሳተመው ጆን ጀራርድ፥ በሙያው የቀዶ ጥገና ሠሪ፥ በልቡ ግን አትክልተኛ የነበረ ሰው ነው፤ የንግሥት ኤልሳቤጥ አማካሪ የሎርድ በርሊ የአትክልት ቦታዎችን ይመራ ነበር። ድመቶች በዚህች ቅጠል ሽታ እጅግ እንደሚደሰቱ፥ ገላቸውን እንደሚያሹባት፥ በላይዋም እየተንከባለሉ ቅርንጫፏን በስስት እንደሚበሉ ጽፏል። ይሁን እንጂ ያ ለእርሱም ለአንባብያኑም የጨዋታ ወሬ ነበር፤ ቁም ነገሩ መድኃኒትነቷ ነው። በዘመኑ ሕክምና መሠረት ኔፔታ ጠባይዋ ሙቅና ደረቅ ነበረችና ለብርድ ሕመም ሁሉ ትታዘዝ ነበር፤ ለሳል፥ ለሆድ ቍርጠት፥ ለሴቶች ልማድ መቋረጥ። በ17ኛው መቶ ዓመት የቻይና ሻይ ገብቶ ባላገሩን ሁሉ እስኪያዳርስ ድረስም የእንግሊዝ ገበሬ ቤተ ሰብ በፈላ ውኃ ዘፍዝፎ የሚጠጣት ትኩስ መጠጥ ነበረች። ሥሯን ያኘከ ሰው የዋህ ቢሆን እንኳ ቍጡና ጠበኛ ይሆናል የሚል ወሬም በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ነበር፤ እንዲያውም ይህን ሥር ካላኘከ በቀር ሰው ለመስቀል ድፍረት ስለማያገኝ አንድ ሰቃይ ታሪክ እየተባለ ይወራል። ሻዩ የሚያስተኛ፥ ሥሩ የሚያጣላ ተክል መኖሩን ማመን ይከብዳል፤ ነገር ግን ወሬው ማማሩ አይካድም።

ለአትክልተኛ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንድ የቈየ የእንግሊዝ ብሂል ነው፤ ይኸውም ኔፔታን በችግኝ የተከለ ሰው ለድመት እንደ ተከለ፥ በዘር የዘራት ግን ድመት ሳታውቅበት እንደሚያሳድጋት የሚናገር ነው። የ17ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ጆን ሬይ ነገሩን አንሥቶታል፤ በሎንዶን አጠገብ በቼልሲ የነበረውን የመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር የአትክልት ቦታ ከ1722 ጀምሮ ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመራው ፊሊፕ ሚለር ደግሞ፥ በ1731 ባወጣው የአትክልተኞች መዝገበ ቃላት፥ ነገሩን ራሱ ፈትኖ እንዳረጋገጠው ይመሰክራል። ከሌላ ስፍራ ነቅሎ ያመጣትን ኔፔታ በዘር ከበቀሉት አጠገብ ቢተክላት፥ ድመቶች የመጣችውን ብቻ ለይተው ቦጫጭቀው አጠፏት፤ በስፍራቸው የበቀሉትን ግን አልነኩም። ጥቅጥቅ ተደርጎ በብዛት የተተከለውንም እምብዛም እንደማይደፍሩት አስተውሏል። ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። የኔፔታ መዓዛ የሚቀመጠው በቅጠሏ ገጽ ላይ ባሉ ለዐይን በማይታዩ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ነቅሎ የሚተክል እጅ ቅጠሉን ይጨፈልቃል፥ ከረጢቱ ይፈነዳል፥ ሽታውም ግቢውን ሞልቶ የድመቱን ሁሉ ጉባኤ ይጠራል። በዘር የበቀለችው ግን ማንም ሳይዳስሳት አድጋለችና መዓዛዋን ዘግታ ትኖራለች። ሊቃውንቱ የዘይቱን ባሕርይ ከማወቃቸው ከ200 ዓመት በፊት አትክልተኛው ውጤቱን አውቆ ነበር።

ወደ አሜሪካ የተሻገረችው ከሰፋሪዎች ጋር ነው፤ ከቤታቸው ደጅ ከተዘራች በኋላም ሳትጠየቅ ከአጥር ወጥታ በየመንገዱ ዳርና በፈራረሰ ቤት ዙሪያ በቀለች፤ ዛሬም በዚያ አገር እንደ አረም ትታያለች። እናቶች ለሕፃን ቍርጠትና ለትኵሳት ሻይዋን ያጠጡ ነበር። በ1774 ከእንግሊዝ አገር ከአን ሊ ጋር ተሻግረው የመጡት ሼከር የተባሉት ማኅበርተኞች፥ ድንግልናን ጠብቀው፥ ሀብታቸውን በአንድነት አድርገው በጸሎትና በእጅ ሥራ የሚኖሩ ስለ ነበሩ ከገዳም ሥርዓት የማይርቅ ኑሮ ነበራቸው፤ እነርሱም ሳያስቡት የቤኔዲክቶስን አትክልተኞች ሥራ በአዲሱ ዓለም ቀጠሉ። በኒውዮርክ ግዛት በኒው ሌባነን መንደራቸው የመድኃኒት ቅጠል እየዘሩ፥ እያጨዱና እያደረቁ፥ በመጭመቂያ መኪና እንደ ጡብ አጥብቀው በወረቀት ጠቅልለው በየአገሩ ይልኩ ነበር፤ ካትኒፕም በሽያጭ ዝርዝራቸው ውስጥ ከሚገኙት አንዷ ነበረች። በአሜሪካ የመድኃኒት ድንጋጌ መጽሐፍም ከ1842 እስከ 1882 ተመዝግባ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ ውድቀቷ ፈጥኖ መጣ። በፋብሪካ የተቀመመ፥ መጠኑ በሚዛን የታወቀ ክኒን በየመድኃኒት ቤቱ ሲደረደር የሴት አያቶች ሻይ ተረሳ፤ ለሰው የምታገለግልበት ምክንያት ሲቀር ድመቷ ብቻዋን ቀረች፤ የቀድሞዋ ሌባም ወራሽ ሆነች።

በአንጻሩ የሊቃውንት ምርምር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። በ1941 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ማክኤልቬይንና ባልደረቦቹ ከቅጠሏ ዘይት ኔፔታላክቶን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በ1962 ኒል ቶድ ለሽታው መማረክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባይ መሆኑን አሳየ፤ ከድመቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይማረካሉ፥ የቀሩት አልፈዋት ይሄዳሉ፥ ገና የጥቂት ሳምንታት ግልገሎችም ደንታ የላቸውም፤ አንበሳና ነብር ግን በዚህች ቅጠል ላይ ሲንከባለሉ ታይተዋል። ተክሏ ይህን ዘይት ለምን እንደምትሠራ የጠየቀው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶማስ አይስነር ነው፤ በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ሽታው ቅጠሏን ሊበሉ የሚመጡትን ነፍሳት እንደሚያባርር አስረዳ። ስለዚህ የድመቷ ፌሽታ ለተክሏ ያልታሰበ እንግዳ ነገር ነው። በ2021 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ድመት በዚህ ዓይነት ቅጠል ላይ ስትታሽ ዘይቱ በጠጕሯ ላይ ቀርቶ ትንኝን እንደሚከላከልላት ገለጹ፤ በተከታዩ ዓመትም ድመቷ ቅጠሉን ስትነክስና ስትጨፈልቅ የሚወጣው ሽታ ብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ለክተው አረጋገጡ። ሚለር በቼልሲ መደብ ላይ በዐይኑ ያየው ነገር በቍጥር የተመሰከረለት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

የዋላፍሪድ መደብም ፈጽሞ አልጠፋም። ራይኸናው ደሴት በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች፤ ነዋሪዎቿ ዛሬም አትክልት እያመረቱ ይኖራሉ፤ በመካከለኛው መንደር ካለው ከጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን አጠገብም በቅኔው የተመሰገኑት ቅጠሎች እንደገና ተተክለዋል። በከተማ ፎቅ ላይ የሚኖር፥ ግቢ የሌለው ሰው ግን ኔፔታን በሸክላ ተክሎ በመስኮት ዳር ያሳድጋታል፤ ከአበ ምኔቱ ማስታወሻ ተምሮ ጥላ ያለበትን መስኮት ትቶ ፀሓይ የሚገባበትን ከመረጠ፥ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ሸክላ ውኃው እንዳይታቈር ከተጠነቀቀ ያለ ብዙ ድካም ትበቅልለታለች። ፀሓይ ያነሳት ተክል ግንዷ ይቀጥናል፥ መዓዛዋም ይደክማል፤ ጫፍ ጫፏን የቀጠፏት ግን ትደነድናለች። ማድረቅ የወደደ አበባዋ መፈንዳት ሲጀምር አጭዶ፥ በጥቂት በጥቂቱ አስሮ፥ ቍልቍል በጥላ ይስቀላት፤ በደረቀችም ጊዜ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያኑራት። ሻይዋን ለመጠጣት የሚያስብ ቢኖር፥ የቀደሙት ሰዎች የሴቶችን ልማድ ለማምጣት ይሰጧት እንደ ነበር አስታውሶ ለነፍሰ ጡር አይስጥ።

ድመት ባለበት ቤት ኔፔታን ማሳደግ የሚሻ አንባቢ፥ ከገበያ ችግኝ ገዝቶ መትከሉን ይተው፤ ዘሩን በምትኖርበት ሸክላ ወይም መደብ ላይ ይዝራ፥ ስስ አፈር ብቻ ያልብሰው፥ ተክሏም እስክትጠነክር ድረስ ቅጠሏን በእጁ አይዳስስ።